ጂቲኤክስ 1070 ቲአይን ከ1080 ጋር እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (ጌም ላይ ምስሉን የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል) የሆነው ጂቲኤክስ 1070 ቲአይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሲወጣ ዋጋው 449 ዶላር ነበር። ታላቅ ወንድሙ 1080 ደግሞ 499። የሁለቱም ቺፕ ያው አንድ ነው፣ ጂፒ104 ይባላል። ኤንቪዲያ ከ2,560ዎቹ ኮሮች (ስሌቱን ከሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) 128ቱን ዘግቶ 2,432 አስቀረና በሌላ ስም ሸጠው። ካርዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ፣ የየትኛውም ብራንድ ቢሆኑ፣ ፍጥነታቸው እኩል ነበር፦ 1,683 ሜጋኸርዝ። የተረፈውን አቅም ማውጣት የገዢው ሥራ ነው።

1080ን ለመድረስ ስንት ይጎድለናል? የ1080 ፍጥነት በወረቀት 1,733 ነው። በ2,560 አባዙትና ለ2,432 አካፍሉት፤ 1,824 ይመጣል። ግን ሁለቱም ካርዶች ካልሞቁ ከወረቀቱ በላይ ስለሚሮጡ፣ 2,000 አካባቢን ብናልም ይሻላል።

መጀመሪያ አቧራውን አራግፉ። ካርዱ ያገለገለ ከሆነ ፔስቱንም (ቺፑና ማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀይሩለት። እነዚህ ካርዶች በሞቁ ቁጥር ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ የቆሸሸ ፋን ይዞ ኦቨርክሎክ ማድረግ (ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ) ትርፉ ድካም ነው። ፓወር ሰፕላያችሁ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሣጥን) ርካሽና ስም የለሽ ከሆነም እዚሁ አቁሙ።

ከዚያ ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ጫኑ፦ የካርዱን ፍጥነት የሚቀይረው ኤምኤስአይ አፍተርበርነርና ካርዱን አስጨንቆ ውጤት የሚሰጠው ዩኒጂን ሄቨን። ምንም ሳትነኩ ሄቨንን አስኪዱና ውጤቱን፣ ሙቀቱንና ፍጥነቱን ጻፉ። ወረቀት ላይ! መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ኮምፒውተር ላይ ያልተቀመጠ ቁጥር አብሮ ይሄዳል።

አሁን አፍተርበርነር ላይ የኃይል ገደቡን እስከ መጨረሻው ግፉት። ቮልቴጁን አትንኩ። ለሚገኘው ጥቂት ሜጋኸርዝ ሙቀቱ አያዋጣም።

ኮር ክሎኩ (የኮሮቹ ፍጥነት) ላይ 100 ሜጋኸርዝ ጨምሩና ሄቨንን አሥር ደቂቃ አስኪዱ። ደህና ከሆነ 25 ጨምሩ፣ እንደገና ፈትኑ። እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። የሆነ ቦታ ላይ ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጠብጣብ ይታያል፣ ወይም ፕሮግራሙ ይዘጋል፣ ወይም ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። አትደንግጡ፤ ካርዱ አልተቃጠለም። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከወደቀበት ቁጥር 25 ወይም 50 ቀንሱ። የእናንተ ካርድ ልክ ያ ነው። የጓደኛችሁ 200 ቢችል የእናንተ 150 ላይ ሊቆም ይችላል፤ ቺፕ ላይ ሎተሪ አለበት።

ሜሞሪው ትንሽ ተንኮል አለው። በ100፣ በ100 ጨምሩ፣ ግን ካርዱ እስኪወድቅ አትጠብቁ። ጂዲዲአር5 (የዚህ ካርድ ሜሞሪ ዓይነት) የተበላሸ መረጃን እንደገና ስለሚልክ፣ ሳይወድቅ ውጤቱ ብቻ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ በየደረጃው ውጤቱን እዩ፤ ማደጉን ካቆመ ተመለሱ። 400 ወይም 500 ከተገኘ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኮሩ ክፍተት ይሞላል፣ የሜሞሪው ግን ሙሉ በሙሉ አይሞላም። 1080 የተገጠመለት ፈጣኑ ሜሞሪ ጂዲዲአር5ኤክስ በሰከንድ 320 ጊጋባይት ያመላልሳል። የእኛው ከፋብሪካ 256 ነው፤ 500 ብንጨምርለትም 288 ነው የሚደርሰው። በ1080ፒ እና በ1440ፒ ስክሪን (ቁጥሩ የስክሪን ጥራት እንጂ የካርድ ስም አይደለም) ይህ ብዙ አይታይም። ከእነዚህ በላይ ጥራት ባለው 4ኬ ላይ ይታያል። ደግሞ የ1080 ባለቤትም ኦቨርክሎክ ካደረገ ያመልጣችኋል፤ የምንደርስበት ያልተነካውን 1080 ነው።

በመጨረሻ የፋኑን ፍጥነት ከፍ አድርጉና ሙቀቱን ከ75 ዲግሪ በታች ለመያዝ ሞክሩ። ይጮኻል፤ ሄድፎን ያለው ሰው አይሰማውም። ቅንብሩን ፕሮፋይል 1 ላይ አስቀምጡ። ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ የሚያደርገውን ቁልፍ ግን የምትወዱትን ጌም አንድ ሳምንት እስክትጫወቱ አትንኩት። ሄቨንን ያለፈ ካርድ ጌም መሀል ሊወድቅ ይችላል፤ ያኔ ከኮሩ 13 ሜጋኸርዝ ያህል ቀንሳችሁ እንደገና ጀምሩ።