ለሴት ልጅ ከአባቷ ስም ጋር የሚስማማ ስም እንዴት ይመረጣል?

በአንዳንድ የውጭ አገሮች ሴት ልጅ የተወለደችለት ቤተሰብ ከመጠሪያ ስሟ ሌላ አንድ ተጨማሪ ራስ ምታት አለበት፤ ከመጠሪያዋ ቀጥሎ የሚገባ የመካከለኛ ስም መፈለግ። እኛ ዘንድ ያ ቦታ ተይዟል። አዳማ ላይ የተወለደች ልጅ ስሟ ሊመዘገብ ሲቀርብ መካከሉ ላይ የአባቷ፣ መጨረሻው ላይ የአያቷ ስም ቀድሞ ተቀምጧል። ለወላጅ የቀረው የፊተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው የተገላቢጦሽ ይሆናል፦ መካከለኛው ተሰጥቷል፣ ለእርሱ የሚስማማ ፊተኛ ይፈለጋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው አስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በለመደው ቀጠለ። ሴት ልጅ ስታገባም የባሏን ስም አትወስድም። ዛሬ የምትገጣጥሟቸው ሁለት ቃላት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ጡረታ አብረዋት ይኖራሉ ማለት ነው።

1. የአባትና የአያትን ስም ጽፋችሁ ፊቱን ባዶ ተዉት

የምትጽፉት በቤት የምትጠሩትን ሳይሆን በአባትየው መታወቂያ ላይ ያለውን ነው። የአባትየው ስም ገብረ መድኅን ወይም አብዱል ቃድር ዓይነት ከሆነ አሁኑኑ አንድ ነገር አረጋግጡ፦ መታወቂያው ላይ ተያይዞ ነው ወይስ ተለያይቶ የተጻፈው? ሦስት ክፍት ቦታ ባለው ቅጽ ላይ ‹ማርታ ገብረ መድኅን› ተብሎ ከተሞላ የልጅቷ አባት ‹ገብረ›፣ አያቷ ‹መድኅን› ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ እውነተኛው አያት ከወረቀቱ ይሰናበታሉ። ተያይዞ ‹ገብረመድኅን› ተብሎ ቢጻፍ ይህ ሁሉ አይመጣም።

2. ሁለቱን ስሞች እንደ ዓረፍተ ነገር አንብቧቸው

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። የአማርኛ የወንድ ስም ብዙውን ጊዜ ግሥ ነው፤ ከበደ፣ ታደሰ፣ ደረሰ፣ ዘለቀ፣ ነጋ፣ ተሰማ፣ አበራ። የሴት ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ የነገር ስም ነው፤ ሕይወት፣ ሰላም፣ ፍቅር፣ ብሥራት፣ ፀሐይ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ማንም ሳያዝዛቸው ይናገራሉ።

አንዳንዱ ንግግር ያምራል። ‹ሕይወት ታደሰ› ቢባል ማን ይከፋዋል? ‹ሰላም ደረሰ›፣ ‹ብሥራት ተሰማ›፣ ‹ፀሐይ አበራ› ለሚሰማቸው ሰው ምርቃት ናቸው። እነዚያው ስሞች አባት ሲቀየርላቸው ፊታቸው ይለወጣል። ‹ሕይወት ከበደ› የኑሮ ውድነት ያማረረው ሰው ንግግር ይመስላል፤ ‹ፍቅር ተፈራ› አያስደስትም። (ሕይወት ከበደ የሚባሉ ሴቶች በአገሩ ሞልተዋል፣ በስማቸው ምክንያት ኑሮ የከበደባት ስለመኖሯ ግን አልተሰማም። ቀልዱን ግን በየክፍሉ ይሰሙታል።)

ከሁሉም የሚያስቸግሩት ጀግንነት ሲዘመር የወጡት የትእዛዝ ስሞች ናቸው፤ ናደው፣ ጣሰው፣ በላቸው፣ ደምሰው። ‹ሰላም ናደው› ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አባትየው ናደው ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። እንደ ማርታ፣ ሩት፣ ሣራ፣ ዘይነብ ያሉ የሰው መጠሪያነታቸው የጎላ ስሞች ከግሥ ጋር አይጋቡም። ምክንያቱ ሰዋስው ነው፤ ሩት ሴት ስለሆነች ‹ሩት ከበደች› ካልተባለ ዓረፍተ ነገሩ አይሞላም፣ ጆሮም ‹ሩት ከበደ›ን ሲሰማ ስምና የአባት ስም ብሎ ይለያቸዋል። ስለዚህ የአባት ስም አስቸጋሪ በሆነ ቁጥር ወደ መጽሐፍ ስሞች ማዘንበል ያዋጣል።

ሥራችሁን ግን አታብዙት። ‹አበባ አበበ› ትርጉሙ ያምር ይሆናል፣ ሲጠራ ግን መንተባተብ ይመስላል። ሦስተኛውንም አንድ ጊዜ አንብቡት፤ ‹ሕይወት ታደሰ› ያማረው ስም አያትየው ናደው ከሆኑ መጨረሻው ላይ ይፈርሳል። በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚጠራው ሁለቱ ስለሆነ በአያት ስም ምክንያት የወደዳችሁትን ስም መጣል ግን እኔ አልመክርም። ሦስቱንም አያይዞ ግጥም ለማድረግ መጣርም ልጅቷን ሳይሆን ወላጆቿን የሚያስደስት ይመስለኛል።

3. ጮክ ብላችሁ ጥሩት

ወረቀት ላይ የተለያዩ ስሞች አፍ ላይ ይጣበቃሉ። የመጀመሪያው ስም መጨረሻና የአባት ስም መነሻ አንድ ድምፅ ከሆኑ ይዋዋጣሉ፤ ‹ሰላም መኮንን› ሲፈጥን ‹ሰላመኮንን› ይሆናል፣ ‹ኢክራም መሐመድ›ም እንደዚያው። በአናባቢ የሚያልቅ ስም በ‹አ› ከሚጀምር ጋር ሲገናኝ ደግሞ አንዱ ይጠፋል፤ ‹ማርታ አበራ› በስልክ ‹ማርታበራ› ነው። ‹ማርታ ደመቀ› ቢሆን ይህ አይገጥማትም።

ርዝመቱንም አስቡ። አባትየው ኃይለማርያም ከሆነ ‹ፍሬሕይወት ኃይለማርያም› ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ‹ሊያ ኃይለማርያም› ይቀልላል። አባትየው ነጋ ከሆነ በተቃራኒው ረጅሙ ስም ያምርበታል።

ፈተናው ቀላል ነው። ስሙን ለማያውቅ ሰው ስልክ ደውሉ፣ ስምና የአባት ስም አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩና የሰማውን እንዲጽፍ ጠይቁት። የጻፈው ከእናንተ ጋር ከተስማማ አልፏል።

4. በሁለቱም ቋንቋ አሰሙት

አዳማ ላይ አንዱ ባለሱቅ ለአንዱ ደንበኛ በአፋን ኦሮሞ፣ ለሌላው በአማርኛ ይመልሳል፤ ከብዙ ስሞች ጀርባም ከሁለት አንዱ ቋንቋ ይኖራል። ስለዚህ ስሙን ለሁለቱም ጆሮ አሰሙት። ገመቹ ለሚባል አባት ‹ሕይወት› የሚል ስም ቢመረጥ አፋን ኦሮሞ የሚያውቅ ሰው ሕይወትና ደስታ አብረው ሲጠሩ ይሰማል። ከሁሉም የሚማርከኝ ግን ‹ኢፍቱ አበራ› ነው። ኢፍቱ በኦሮምኛ የምታበራ፣ የደመቀች ማለት ነው፤ አበራ ደግሞ በአማርኛ ያንኑ ብርሃን ይደግመዋል። ሁለት ቋንቋ የተናገረው አንድ ነገር ስለሆነ እንደ ‹አበባ አበበ› አይሰለችም። ‹ቦንቱ ታደሰ›፣ ‹ጫልቱ ዘለቀ›ም ያለ ችግር የሚሄዱ ናቸው።

ከተማዋ ወደ ቀድሞ ስሟ ከተመለሰች በኋላም ‹ናዝሬት› የሴት ልጅ መጠሪያ ሆኖ መሰማቱ አልቀረም። በእድሜ የገፉት ነዋሪዎች ከተማዋን አሁንም በዚሁ ስም ስለሚጠሯት፣ ናዝሬት የተባለች የአዳማ ልጅ ‹የት ተወለድሽ?› ስትባል የምትመልሰው አጭር ነው።

5. የአባቷ ስም ብዙ ሰው የሚጋራው ከሆነ የእርሷ ትንሽ ለየት ይበል

የቤተሰብ ስም ስለሌለን ሰውን ከሰው የሚለዩት እነዚህ ሦስት ቃላት ብቻ ናቸው። የክፍል ስም ዝርዝር የሚደረደረውም በመጠሪያ ስም ነው፤ ሁለት ቤተልሔም ካሉ መምህሯ የአባት ስም ትጨምራለች፣ ሁለቱም ቤተልሔም ተስፋዬ ከሆኑ ወደ አያት ትሄዳለች። አባትየው ከበደ፣ ታደሰ ወይም ተስፋዬ ከሆነ በአካባቢያችሁ ብዙ ያልተደጋገመ መጠሪያ ምረጡ። ዋቅጅራ ወይም አጥላው ለሆነ አባት ሰላምም ቤተልሔምም ይበቃሉ።

6. የእናት ወገን ስም የት ይግባ?

መካከሉ በአባት ስለተያዘ እናቲቱ የእናቷን ስም ልታስገባ ስትፈልግ ጭቅጭቅ ይነሣል። ሁለት መጠሪያ ለያይቶ ማስመዝገብ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያየነውን ችግር ያመጣል፤ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ተደርጎ ይነበባል። ሦስት የተሻሉ መውጫዎች አሉ። አንዱ እንደ ፍሬሕይወት አንድ ላይ የተገመደ ስም ነው። ሌላው የቤት ስም ነው፤ አያትየዋ የሚያወጡት፣ ወረቀት ላይ የማይሰፍር፣ ብዙ ጊዜ ግን ከመዝገቡ ስም በላይ የሚጠራ። ሦስተኛው ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ የክርስትና ስም ነው፤ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም እያለ ካህኑ የሚሰጠው ይህ ስም ከአባት ስም ጋር መግጠም አይጠበቅበትም።

7. አጻጻፉን ወስናችሁ በጊዜው አስመዝግቡ

መጀመሪያ በአማርኛ፦ ሕይወት ወይስ ህይወት፣ ፀሐይ ወይስ ጸሐይ? ሁለቱም ይነበባሉ፤ ኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው አድርጎ ያያቸዋል። ቀጥሎ በላቲን ፊደል። በኦሮሚያ የሥራ ቋንቋው፣ አፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በራሱ የላቲን ፊደል አጻጻፍ) ስለሚጻፍ እዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጫልቱ በቁቤ የምትጀምረው በ‹ሲ› ፊደል ነው፤ ቁቤ የማያውቅ የእንግሊዝኛ አንባቢ ‹ካልቱ› ይላታል። አንዱን ሰነድ በቁቤ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ ልማድ ብታስጽፉ ልጅቷ ፓስፖርት ስታወጣ ሁለቱ ስሞች የእርሷ መሆናቸውን እንድታስረዳ ትጠየቅ ይሆናል። አንዱን ምረጡና በልደት ምስክር ወረቀቱም፣ በክትባት ካርዱም፣ ወደፊት በፋይዳ መታወቂያዋም ላይ እርሱኑ ተጠቀሙ። የአባቷም ስም ከራሱ መታወቂያ ፊደል በፊደል ይገልበጥ።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በውጭ ቅጾች ላይ የአባት ስም በመካከለኛው፣ የአያት ስም በመጨረሻው ሣጥን ሲገባ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ ‹የቤተሰብ ስም› ይኖራቸዋል። ዝምድናቸውን የሚያስረዳው የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት መመዝገብ ያለበት በተወለደች በ90 ቀናት ውስጥ ነው። ሙስሊም ቤተሰብ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ስሙን ስለሚያጸና ጊዜ አያጥረውም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው ግን በ80 ቀኗ ነው፤ ‹ለክርስትናዋ ዘመድ ሲሰበሰብ እንወስናለን› ያለ ቤተሰብ የሚቀረው አሥር ቀን ብቻ ነው። ከድግሱ በፊት ወስኑ።

መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ ማኅተም ከመመታቱ በፊት ወረቀቱን ተቀብላችሁ ሦስቱንም ስሞች በሁሉም ቋንቋ አንብቡ፤ የትውልድ ቀኑንም አይታችሁ ፈርሙ።