ሰዓት የሌለው መጽሐፍ ገምጋሚ የሚሠራቸው ስህተቶች

ቢሮዬ ለገሃር ነው፣ ቤቴ አራት ኪሎ። ካርታ ላይ ቅርብ ነው። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ለቆመ ሰው ግን አራት ኪሎ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው። ካነበብኳቸው መጻሕፍት አብዛኞቹን ያነበብኩት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ዳሰሳዎቹንም የጻፍኩት እዚያው ነው፤ በስልክ፣ በአንድ አውራ ጣት።

ስላነበብኩት መጽሐፍ ለጥቂት ሰዎች መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ። የሚከፍለኝ የለም። ስንት ጊዜ አቋርጬ ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ አልቆጠርኩትም። ባቆምኩ ቁጥር የማሳብበው በጊዜ እጥረት ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ ግን ያችኑ ያለችኝን ጊዜ የማባክናት እኔው ነበርኩ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

«ልጨርሰውና እጽፋለሁ» ማለት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ተደምረው ይሄን አያህሉም።

አንድ ክረምት ወፍራም ልብ ወለድ አነበብኩ። በጣም ወደድኩት። የመጨረሻውን ገጽ ዘግቼ «ቅዳሜ እጽፈዋለሁ» አልኩ። ቅዳሜ ለቅሶ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናቡ መብራት ይዞ ሄደ። ከዚያ አዲስ ዓመት መጣ፣ መስቀል መጣ። ጥቅምት ላይ ስቀመጥ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው «ደስ ብሎኝ ነበር» የሚል ብቻ ነው። መጽሐፉን እንደገና ማገላበጥ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ቢሆን በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ጽሑፍ ሦስት ማታ ፈጀ። ይባስ ብሎ ሁለቱን ወንድማማቾች ቀላቅዬ የታናሹን ጥፋት ታላቁ ላይ ለጠፍኩት። ክርክሬ በሙሉ የቆመው ደግሞ በዚያ ላይ ነበር። አንድ አንባቢ «ወንድሜ፣ የትኛውን መጽሐፍ ነው ያነበብከው?» ብሎ ጻፈልኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን እርሳስ ከመጽሐፉ አይለይም። መጨረሻ ላይ ያለው ባዶ ገጽ ላይ የገጽ ቁጥርና ሦስት አራት ቃል ብቻ እጽፋለሁ። «47 – አባትየው ዋሸ»። «90 – ገበሬው እንደ መምህር ያወራል»። በቃ። መጽሐፉ የሰው ከሆነ፣ ወይም አብርሆት ወይም ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ የማነበው ከሆነ እርሳሱ አይነካውም። ያን ጊዜ የአውቶቡስ ትኬት ጀርባ ይበቃል። ወረቀት አጥሮኝ አያውቅም፤ ኪሴ ሁሌም ትኬት አለው።

መጽሐፉን የጨረስኩ ዕለት ደግሞ ጫማዬን ሳላወልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ ይህን መጽሐፍ ለማን እሰጠዋለሁ? ለእህቴ? አማቷን ለማትችለው የሥራ ባልደረባዬ? ለማንም? ይህች ዓረፍተ ነገር ካለች ጽሑፉ ግማሽ አልቋል። ሳምንት ቢቆይም አይሞትም።

«በየሳምንቱ አንድ» ብሎ ቃል መግባት

እኔም ገብቼ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ተደበቅሁ።

ሒሳቡን ማንም አይሠራውም። አንድ 300 ገጽ መጽሐፍ፣ ገጹን በ2 ደቂቃ ብናነብ 600 ደቂቃ ነው። በቀን የማገኘው ሰልፍ ላይም፣ ከመተኛቴ በፊትም ተደምሮ 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 15 ቀን። ያውም ማንም ካልደወለ። ለመጻፍ ሁለት ማታ ጨምሩበት። በወር አንድ እርግጠኛ ነኝ፣ ሁለት ደግሞ ዕድል ከቀናኝ። ጥርና ግንቦት የሰርግ ወር ስለሆኑ ከነጭራሹ አልቆጥራቸውም።

በመሀል ባዶ እንዳይሆን አጭር ልብ ወለድ ይረዳል። ከአንድ መድበል አንዱን ታሪክ ብቻ አንብቦ ስለሱ 200 ቃል መጻፍ ነውር የለውም። ግጥምም እንደዚሁ።

ታሪኩን መተረክ

ደክሞን ስንጽፍ እጃችን የሚቀለው መተረክ ነው። ማሰብ አይጠይቅማ። እሱ መጣ፣ እሷ ሄደች፣ ከዚያ ተጣሉ። አንድ ገጽ ይሞላል፣ ገምጋሚውም የሠራ ይመስለዋል።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ እስከ አገጩ ከምሮ የሚዞረውን ልጅ አስቡት። ፊታችሁ ቆሞ «ይሄ አዲስ ነው፣ ይሄ እያለቀ ነው» ይላችኋል። ኪሳችሁ ያለው ብር ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ይበቃል። ያን ጊዜ ማወቅ የምትፈልጉት ማን ማንን እንዳገባ አይደለም። አማርኛው ይነበባል ወይ? መሀሉ ላይ ይሰለቻል ወይ? የጀርባ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ሙገሳ እውነት ነው ወይ? ዳሰሳ ለዚያች ደቂቃ ነው የሚጻፈው።

መጨረሻውን ስለመናገር ሁልጊዜ ክርክር አለ። እኔ መጽሐፉን አይቼ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የወጣ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል፤ ገጹን ሳይገልጥ ታሪኩን የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ርዕሱም ቢሆን ምንም አልደበቀም። እንደዚህ ዓይነቱን እስከ ጥጉ ማውራት ይቻላል። ባለፈው ወር ከማተሚያ ቤት የወጣ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ሲሶ አላልፍም። ይህ ደንብ ለጊዜም ጥሩ ነው፤ የምትተርኩት ስለሚያንስ ቶሎ ያልቃል።

ይሉኝታ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቁስሉ አልሻረማ።

የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ትጋበዛላችሁ። ደራሲው እጃችሁን ጨብጦ፣ «ለውድ ወንድሜ» ብሎ ፈርሞ መጽሐፉን ይሰጣችኋል። ቡና ይጋብዛል። እናቱም እዚያ አሉ፣ ስማችሁን እየጠሩ ይመርቋችኋል። ከዚያ ቤት ገብታችሁ ስታነቡት መጽሐፉ ደካማ ነው። ምን ትጽፋላችሁ?

እኔ «ተስፋ ሰጪ ብዕር» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ሐረግ ሲገጥማችሁ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንዲት ልጅ ግን አላወቀችም። በኔ ቃል ገዛችው፤ የመጽሐፍ ዋጋ እንዲህ ሰማይ በነካበት ጊዜ። «አንተ እውነት ይሄን ወደኸዋል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ታምን እንደሆን እንጃ።

አሁን የምሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «አመሰግናለሁ፣ አነበዋለሁ፤ እንደምጽፍበት ግን ቃል አልገባም።» መጀመሪያ ሲናገሩት ምላስ ይከብዳል። ሦስተኛው ላይ ይለመዳል። ስለ ጓደኛዬ መጽሐፍ ከጻፍኩ ደግሞ ጓደኛዬ መሆኑን የመጀመሪያው መስመር ላይ እናገራለሁ። የተቀረውን አንባቢው ይመዝን። ይሉኝታ ጊዜም ይበላል። በስጦታ የተከመረ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ስላለ፣ በራሴ ብር የገዛሁትን ሳላነበው ዓመት ሞላው።

ጥቃቅኖቹ

እነዚህን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

ደራሲውን በአባቱ ስም መጥራት። ከፈረንጅ መጽሔት የተለመደ ነው። «ሐዲስ» ማለት ሲገባ «ዓለማየሁ በዚህ መጽሐፍ» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። አባትየው ምንም አልጻፉም።

የኅትመት ዘመኑን መቀላቀል። በእኛ 2016 የወጣ መጽሐፍ በፈረንጅ ወይ 2023 ወይ 2024 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ መለየት ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም።

ትርጉም መጽሐፍ ገምግሞ ተርጓሚውን አለመጥቀስ። «አማርኛው ውብ ነው» እያሉ አማርኛውን የጻፈውን ሰው መዝለል ምን ይባላል?

በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ አንብቦ፣ ከዳሰሳው ሥር ፋይሉን መለጠፍ። ይሄ ጥቃቅን ውስጥ መግባትም አልነበረበት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ምንጩንና ደራሲውን ጠቅሶ አጭር ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል። ሙሉውን መጽሐፍ ማደል ሌላ ነገር ነው። ደራሲውን እያሞገሱ ኪሱን ማውለቅ አይሆንም።

የጀመሩትን ሁሉ መጨረስ

«ካልጨረስኩት እንዴት እጽፋለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም አንድ አሰልቺ መጽሐፍ እጄ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ሞቶብኝ ያውቃል። አልጨርሰው፣ ሌላ አልጀምር፣ አልጽፍ።

አሁን 100 ገጽ እሰጠዋለሁ። ካልያዘኝ አቆማለሁ፣ ማቆሜንም እጽፋለሁ፦ የት ገጽ ላይ፣ ለምን። «ደካማ ነው» አልልም፤ ግማሹን ሳላይ እንዴት እፈርዳለሁ? «112ኛው ገጽ ላይ ተለያየን፤ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ሰዎቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ፖለቲካ ያወራሉ» እላለሁ። ያንን የሚወድ አንባቢ አለ፣ ሄዶ ይገዛዋል።

ይህንኑ ዓረፍተ ነገር የጻፍኩ ዕለት ማታ አንዲት አንባቢ መልእክት ላከችልኝ። «አይ አንተ! መጽሐፉ እኮ የሚጀምረው 130 ላይ ነው። ሽማግሌው ከቤት ይወጣሉ።» መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ዛሬ ሰልፍ ላይ 121 ደረስኩ። ሽማግሌው አሁንም ቤት ናቸው።