ከአከራይ ጋር ስትጋጩ፦ ነገሩን እንዴት መያዝ ይቻላል

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ብዙው ደመወዝተኛና ተማሪ የሚኖረው ከአከራዩ ጋር በአንድ ግቢ ነው። በር አንድ፣ ቆጣሪ አንድ፣ ሽንት ቤት አንድ። ጠብ ሲነሳ መሸሻ የለም፤ ማታ በሩን የሚከፍትላችሁ ያው የተጣላችሁት ሰው ነው። ይህ የተጻፈው ለተከራይ ነው። አከራይ ቢያነበውም አይጎዳም።

1. የጠቡን ምክንያት ለዩ

«ልጄ ከአረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ቤቱን ልቀቁልኝ» ሲባል አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ኪራይ ጨምሩ ማለት ነው። በልጅቷ መምጣት ላይ ግን አትከራከሩ። «ውሸት ነው» ካላችሁ ነገሩ የክብር ይሆንና የገንዘቡ ጉዳይ ይረሳል። «እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ምናልባት ኪራዩም አንሶብዎት ከሆነ ይንገሩኝ፣ እንነጋገርበት» በሉ።

2. ሰዓት ምረጡ

በር ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ አይሆንም። የገበያ ቀን ጠዋትም አይሆንም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ሲፈላ ይሻላል። ንዴት ቢመጣም አንቱታውን አትተዉ፤ እናቱ የምትሆን ሴትን «አንቺ» ያለ ተከራይ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ግማሹን ተረትቷል።

3. ቁጥር ይዛችሁ ግቡ

በተለይ ለመብራት። የመብራት ታሪፍ ደረጃ አለው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሂሳቡ ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል። ስለዚህ አከራይዋ «እናንተ ከመግባታችሁ በፊት እንዲህ አልነበረም» ቢሉ አልዋሹም። እናንተም የሰው አልበላችሁም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 10 ዋት አምፖል ይህን ያህል ለመብላት 700 ሰዓት መብራት አለበት። «አምፖል ሲበራ አደረ» እየተባባሉ መነታረክ ታዲያ ምን ይፈይዳል? ይልቅ ማን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጋግር ጻፉና ሂሳቡን በዚያ ተካፈሉ። አቅም ካለ ተቀናሽ ቆጣሪ፣ ማለትም የእናንተን ፍጆታ ለብቻ የሚለካ ቆጣሪ፣ ማስገባት ጭቅጭቁን ከሥሩ ይነቅለዋል። ወጪውን ማን እንደሚችል ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለዚያ ቆጣሪው ራሱ ሌላ ጠብ ይሆናል።

ለውሃም፣ ለሽንት ቤት ጽዳትም፣ ለበር መዝጊያ ሰዓትም እንዲሁ አድርጉ። ተራውንና ሰዓቱን ቁረጡ፣ ያልቃል።

4. ካልሆነ ሰው አስገቡ

ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው ፈልጉ። የዕድር ዳኛ፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ የአከራይዋ የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል። ደላላውን ግን ተዉት። ለቃችሁ ሌላ ቤት ስትይዙ እንደገና ኮሚሽን የሚያገኘው እሱ ነው፤ ከእሱ ዕርቅ አትጠብቁ። ሽማግሌ ፊት የቆየ ቂም አትዘርዝሩ። የምትፈልጉትን አንድ ነገር ተናግራችሁ ዝም በሉ።

5. ወረቀቱን እወቁ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት አያንስም። በእናንተ ከተማ ተግባራዊ መሆኑን ከከተማ አስተዳደሩ ጠይቁ።

አዋጁ ኖረም አልኖረም፣ አከራይ ዕቃ አውጥቶ መጣል ወይም በራችሁ ላይ ሌላ ቁልፍ መግጠም አይችልም። ልቀቅ አልለቅም ከተባለ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። እናንተም በንዴት ኪራይ አታቆዩ። ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ በጣምም ይጎዳል፤ ትናንት ባለመብት የነበረው ሰው ዛሬ ባለዕዳ ይሆናል። «ብርህን አልቀበልም» ቢባል በባንክ አካውንታቸው አስገቡና ደረሰኙን ያዙ።

6. መልቀቅ ከሆነ

መልቀቅም ሽንፈት አይደለም። አንዳንድ ግቢ በምንም ሽማግሌ አይቀናም። ግን ከመውጣታችሁ በፊት ቆጣሪውን አብራችሁ አንብቡ፣ የቤቱን ግድግዳና በር በስልክ ፎቶ አንሱ። ቁልፉን ምስክር ባለበት አስረክቡና «ዕዳ የለበትም» የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ።