አካል ጉዳተኛና መስማት የተሳናቸው ከያንያን የሚመሩትን የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል እንዴት እናሰናዳ?

ተደራሽነት ሲባል ለብዙ አዘጋጆች ቀድሞ የሚታያቸው የተመልካቹ መግቢያ በር ነው። በሩ ላይ መወጣጫ ይሠራል፣ ከፊት ረድፍ ሁለት ሦስት ቦታ ይያዛል፤ በዊልቸር የምትንቀሳቀሰው ዳንሰኛ ግን ሕዝብ እያያት በአራት ሰው ሸክም ወደ መድረኩ ትወጣለች። ስለዚህ ዝግጅቱ ከመድረኩና ከመድረኩ ጀርባ ይጀምር፤ ለከያኒው የተመቸ ቤት ለተመልካቹ ለማመቻቸት ብዙ አያስቸግርም።

በመጀመሪያ ሥራውን የሚመሩት ሰዎች ይመረጡ። መስማት የተሳናቸውና አካል ጉዳተኛ ባለሙያዎች በኮሚቴው ውስጥ ድምፅና የበጀት ሥልጣን ይዘው መቀመጥ አለባቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከለንደን ፓራሊምፒክ ጋር ተያይዞ በከተማዋ የኪነ ጥበብ ማዕከል በሳውዝባንክ ሴንተር የቀረበው «አንሊሚትድ» የተባለ ፌስቲቫል ጥሩ አብነት ነው፤ ለአካል ጉዳተኛና መስማት ለተሳናቸው አርቲስቶች ገንዘብ ተመድቦ አዳዲስ ሥራዎች እንዲፈጥሩ ተደርጓል። በአዲስ አበባም ጅምሩ ሩቅ አይደለም፤ በ1991 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተመሠረተው ካንዱኮ የዳንስ ቡድን ተባባሪ መሥራች የሆነው አዳም ቤንጃሚን ከአዱኛ የዳንስ ቴአትር ጋር ሠርቷል፤ «አዱኛ ፖቴንሻልስ» የተባለው ቡድንም አካል ጉዳተኛ ዳንሰኞችን ለመድረክ አብቅቷል። ለከያኒው የሙያ ክፍያ በውል ይሰጠው፤ «ለበጎ አድራጎት ነው» ተብሎ በነጻ እንዲሠራ መጠየቅ ሙያውን ማሳነስ ነው።

አዳራሽ ሲመረጥ ሜትር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር፤ ሆኖም የባለቤቱን ቃል ብቻ ሰምቶ ውል መፈረም አይገባም። የመጸዳጃ ቤቱና የልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ከ80 ሴንቲ ሜትር ከጠበበ አብዛኛው ዊልቸር ይቸገራል። ለመወጣጫ የሚመከረው ተዳፋት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ማለትም መድረኩ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው መወጣጫው 7 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በዚህ ቁመት ላይ ሁለት ሜትር ጣውላ አጋድሞ «መወጣጫ አለን» ማለት ሰው መጣል ነው። ለዚያ የሚበቃ ቦታ ከሌለ መድረኩን ትቶ ወለሉ ላይ መጫወት፣ ተመልካቹንም በግማሽ ክብ ማስቀመጥ ይሻላል። እንደ እኔ ከሆነ ይህ ከመወጣጫው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዳንሰኛውና ተመልካቹ በአንድ ደረጃ ላይ ይገናኛሉና።

ቀጥሎ የምልክት ቋንቋ ትርጉም ይመጣል፤ ሰፊ ጊዜ የሚፈልገውም ይህ ነው። ለአንድ ምሽት ቢያንስ ሁለት አስተርጓሚዎች ይያዙ፤ አንድ ሰው ከሃያ ወይም ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ያለ እረፍት ሲተረጉም ጥራቱ ይወርዳል። ጽሑፉ ቀደም ብሎ ይሰጣቸው፣ ልምምድም ላይ ይገኙ፤ በተለይ በፕሮግራሙ ውስጥ አዝማሪ ወይም ቅኔ ካለ። «ዓለማየሁ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ጆሮ የሰው ስም ብሎ ይቀበለዋል፣ እዚያው ላይ «ዓለም አየሁ» የሚለውንም ይሰማል፤ በእጅ ሲነገር ግን የሰውየው መጠሪያ ምልክትና «ዓለምን አየሁ» የሚለው አነጋገር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሰምና ወርቁን አንድ ላይ የሚይዝ የእጅ አገላለጽ ለማግኘት አስተርጓሚው፣ ገጣሚውና መስማት የተሳነው ተዋናይ አብረው መቀመጥ አለባቸው። በምልክት ቋንቋ የተደረሰ ግጥም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በድምፅ የሚተረጎመው ለሚሰማው ተመልካች ነው።

አስተርጓሚው የሚቆመው ተዋናዩንና እርሱን በአንድ እይታ ማየት በሚቻልበት ቦታ ሆኖ፣ ከበስተጀርባው ጌጥ የሌለው፣ ልብሱም ከቆዳው ቀለም የሚለይ ይሁን። መብራቱ ለብቻው ይዘጋጅለት። እኔ በተገኘሁበት አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ ተዋናዮቹ በጨለማ ንግግራቸውን ቀጠሉ፣ የሚሰማው ተመልካች በደስታ አጨበጨበ፣ መስማት የተሳናቸው እንግዶች ግን ጄነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ከጨዋታው ተቆርጠው በጨለማ ውስጥ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ በቻርጅ የሚሠሩ ሁለት መብራቶች ከአስተርጓሚው አጠገብ ሳናኖር አንጀምርም።

ለዳንሱ ከተቻለ የጣውላ ወለል ይፈለግ። ከበሮው ሲመታ ንዝረቱ በጣውላው ውስጥ አልፎ ወደ እግር ስለሚደርስ መስማት የተሳነው ዳንሰኛ የእስክስታውን ምት በእግሩ ይቀበላል። በሲሚንቶ ላይ ይህ ይጠፋል፤ ያኔ ከበሮ መቺው በዳንሰኞቹ ፊት ለፊት፣ እጁ በግልጽ በሚታይበት ቦታ ይቀመጥ።

ማየት ለተሳናቸው እንግዶች ትዕይንቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ አልባሳቱን፣ ማሲንቆውንና የመድረኩን ቁሳቁስ በእጃቸው የሚዳስሱበት ጊዜ ይመደብ። በትዕይንቱ ጊዜም አንድ ሰው በጆሮ ማዳመጫ፣ ንግግር በሌለባቸው ክፍተቶች ብቻ፣ የሚታየውን በአጭር ቃል ይግለጽላቸው። «ፊቷን አዞረች፤ ሻማውን አጠፋች» ይበቃል፤ ስሜቱን መተርጎም የአድማጩ ድርሻ ነው።

በማስታወቂያው ላይ መወጣጫ፣ አስተርጓሚና የድምፅ ገለጻ መኖራቸው በግልጽ ይጻፍ፤ የስልክ ቁጥር ብቻ ከተሰጠ መስማት የተሳናቸው ሊጠይቁ ስለማይችሉ በጽሑፍ መልእክት መቀበል፣ በምልክት ቋንቋ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮም ማሰራጨት ይገባል። ከደጋፊ ጋር ለሚመጣ ሰው የደጋፊው መግቢያ ነጻ ይሁን። የመድረክ መሪው በመክፈቻው ላይ ሁለት እጅን ከፍ አድርጎ በማወዛወዝ የሚሰጠውን የመስማት የተሳናቸውን ጭብጨባ ለሁሉም ያሳይ።

የመመለሻ ትራንስፖርትም ከዋዜማው ይታሰብ። ዝግጅቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካበቃ በሚኒባስ ተጋፍቶ ዊልቸር መጫን አይታሰብም፤ መኪናዎቹ ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት በሩ ላይ ቆመው፣ ሾፌሮቹም ዊልቸሩ እንዴት እንደሚታጠፍ ከባለቤቱ ጠይቀው ይጠብቁ።