የኪችን ግድግዳ ሴራሚክ ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከምድጃና ከሲንክ ጀርባ የሚለጠፈው ሴራሚክ ከቤቱ ሥራ ሁሉ ትንሹ ነው። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው ካውንተር ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢለጠፍ 1.8 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ስለሆነም ይናቃል። ወለሉ ሲሠራ ቆሞ የሚከታተል ባለቤት ወደ ኪችኑ ግድግዳ ሲመጣ «እሱን በትርፍ ሰዓታችሁ ጨርሱት» ብሎ ይሄዳል። ግን ቤት ውስጥ ዘይት፣ እንፋሎት፣ ሙቀትና ውሃ እንደዚህ በአንድ ላይ የሚያርፍበት ሌላ ግድግዳ የለም። ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ወጥ ሲያማስሉ በየቀኑ ፊት ለፊትዎ የሚያዩትም እሱን ነው።

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው የመጀመሪያው ሴራሚክ ግድግዳ ላይ ከማረፉ በፊት ነው። ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ አይታይም። ስለዚህ ከግድግዳው እጀምራለሁ፤ እሱ ላይም ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ቀለም፣ ጂፕሰም ወይም እርጥብ ልስን ላይ መለጠፍ

ሴራሚክ ተላቆ ሲወድቅ ሰው ቶሎ የሚወቅሰው ማጣበቂያውን ነው። እስቲ የወደቀውን አንስተው ጀርባውን ይዩት። የቀለም ቅርፊት ተለጥፎበት ከመጣ ጥፋቱ የማጣበቂያው አይደለም። ማጣበቂያው የያዘውን አልለቀቀም። የያዘው ግን ግድግዳውን ሳይሆን ቀለሙን ነበር።

የቆዩ ቤቶች ኪችን ብዙ ጊዜ የዘይት ቀለም የተቀባ ነው። ለመወልወል ስለሚመች ነው የሚመረጠው። ያው ልስላሴው ግን ለሴራሚክ አይሆንም። በዚያ ላይ የስንት ዓመት የቁሌት ቅባት ተጋግሮበታል። መጀመሪያ ቅባቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና ያስለቅቁ። ከዚያ ቀለሙ ይፋቅ። ቀጥሎ ግድግዳው በመሮ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ይሻከር፣ አቧራውም በብሩሽ ይጠረግ። አድካሚ ሥራ ነው፤ አቧራውም ቤቱን ይሞላዋል። አቋራጭ ግን የለውም።

ጂፕሰም ሌላ ጣጣ አለው። ሲሚንቶ ያለበት ማጣበቂያ እርጥበት ባለበት ቦታ ከጂፕሰም ጋር ሲገናኝ መሃላቸው ላይ አዲስ ውህድ ይፈጠራል። ውህዱ እያበጠ ማጣበቂያውን ከግድግዳው ይገፋዋል። ችግሩ በማግስቱ አይታይም። ሠራተኛው ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ፣ ወራት አልፈው ነው ሴራሚኩ የሚላቀቀው። ስለዚህ ሴራሚክ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለው ጂፕሰም ተነስቶ ግድግዳው በሲሚንቶ ቢለሰን ይሻላል። ማንሳት ካልተቻለ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ፕራይመር (ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባ ፈሳሽ) ይቀባና ይድረቅ። ያኔም ቢሆን የጂፕሰም ልስን የሚሸከመው ማጣበቂያውን ጨምሮ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ገደማ ነው። ወፍራም ፖርሴሊን (ውሃ እምብዛም የማይጠጣ ጠንካራ የሴራሚክ ዓይነት) እና ድንጋይ እዚያ ላይ አይሞከርም።

ኮንዶሚኒየም ተረክበው ፊኒሺንጉን ራሳቸው የሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ የሚቸኩሉት እርጥብ ልስን ላይ ነው። ይገባኛል፤ በአንድ በኩል የቤት ኪራይ እየከፈሉ በሌላ በኩል ቤት ማሠራት ከባድ ነው። ግን ሰኞ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ሐሙስ ሴራሚክ አይለጠፍም። የሲሚንቶ ልስን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ወደ ሴራሚኩ ይዛመታል፣ ወይም ከጀርባው ያላቅቀዋል። ልስኑ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ እየተረጨበት ይቆይ፤ ከዚያ ይድረቅ። በጠቅላላው 28 ቀን ቢያገኝ ጥሩ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ክፍል ማሠራት ይቻላል።

ግድግዳው ሲደርቅ ሁለት ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ ማስተካከያ ዘንግ) ያስደግፉበት። ከስታጃው ጀርባ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካዩ መጀመሪያ ልስኑ ይስተካከል። ጎርባጣውን በማጣበቂያ ውፍረት እናስተካክለዋለን የሚልዎትን እሺ አይበሉት። ወፈር ያለው ማጣበቂያ ሲደርቅ ሴራሚኩን ስቦ ከጎረቤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል።

የሲንኩም የውሃ መስመር ከመሸፈኑ በፊት ውሃ ተሞልቶበት አንድ ቀን ቢያድር፣ በኋላ ሴራሚክ ሰብሮ ቧንቧ ከመፈለግ ያድናል።

ሁሉንም ሴራሚክ በሲሚንቶ መለጠፍ

ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ጀርባው ውሃ ይጠጣል። ለዚህ ነው የድሮ ሠራተኞች በአሸዋና ሲሚንቶ ሲለጥፉት አስቀድመው በርሜል ውስጥ የሚዘፈዝፉት። ደረቁን ቢለጠፍ የድብልቁን ውሃ ይመጠውና ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። ልምዱ ትክክል ነው።

ፖርሴሊን ግን ሌላ ነገር ነው። የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። የሲሚንቶ ድብልቅ ሰርጎ የሚይዘው ቀዳዳ አያገኝም። ብትዘፈዝፈውም ለውጥ የለውም። ለፖርሴሊን የሚሆነው ፖሊመር የተጨመረበት፣ ከረጢቱ ላይ ለፖርሴሊን እንደሚሆን የተጻፈበት ማጣበቂያ ነው።

የገዙት የትኛው እንደሆነ ካላወቁ አንዱን ገልብጠው ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ጠብታው ወዲያው ሰርጎ ከጠፋና ቦታው ከጠቆረ የግድግዳ ሴራሚክ ነው። ዶቃ መስሎ እላዩ ላይ ከቀረ ፖርሴሊን ነው። ሻጩ የሚልዎትን ከመስማት ይህ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ስህተት አለ። በማጣበቂያ የሚለጠፍ ሴራሚክ አይዘፈዘፍም። ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ አቧራውን ማስለቀቅ በቂ ነው።

አራት ጥግና መሃሉ ላይ ጠብ አድርጎ መለጠፍ

ይህ በጣም የተለመደ ነው። ሠራተኛው በግንበኛ ማንኪያ አምስት ቦታ ላይ ድብልቅ ጠብ ጠብ ያደርግና ሴራሚኩን ይጫነዋል። ፈጣን ነው፤ ማስተካከልም ይቀላል። ከጀርባው ግን ባዶ ቦታ ይቀራል። በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ሲበሱት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። የድስት ክዳን ቢያርፍበት ይሰበራል። ከሲንክ አካባቢ የሚሰርገው ውሃም እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ይጠራቀማል።

ትክክለኛው አሠራር ማጣበቂያውን ግድግዳው ላይ ቀብቶ ጥርስ ባለው የግንበኛ ማንኪያ በአንድ አቅጣጫ መስመር በመስመር ማድረግ ነው። ለተለመደው የግድግዳ ሴራሚክ 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይበቃል። ሴራሚኩ ሲያርፍ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ ይደረጋል፤ መስመሮቹ ተጨፍልቀው ይዋሃዳሉ። ሦስት አራት ከተለጠፈ በኋላ አንዱን አስነቅለው ጀርባውን ማየት መብትዎ ነው። ቢያንስ 80 በመቶው በማጣበቂያ መሸፈን አለበት። ደህና ሠራተኛ በዚህ አይቆጣም።

ደግሞም ሙሉውን ግድግዳ በአንዴ መቀባት አይገባም። ተራ ማጣበቂያ ከተቀባ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው፤ ከዚያ ላዩ ቆዳ ያወጣል። በጣት ሲነኩት እጅዎ ላይ ካልቀረ ተፍቆ ይጣል።

ሥራው ሲያልቅና ሲደርቅ በሳንቲም ቆርቆር እያደረጉ ሁሉንም ይሞክሩ። ሞላ ያለውና ባዶው ድምፃቸው ይለያያል። ባዶ የሚጮኸው መጋጠሚያው ሳይሞላ በፊት ይቀየር።

ሳይደረድሩ ከጥግ መጀመር

ግድግዳው 250 ሳንቲ ሜትር፣ ሴራሚኩ 30 ሳንቲ ሜትር፣ መጋጠሚያው 2 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከግራ ጥግ ጀምረው ቢሄዱ ስምንት ሙሉ ሴራሚክ ይገባና ቀኝ ጥግ ላይ ከ8 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቁራጭ ይቀራል። ቀጭን ቁራጭ ለመቁረጥም ያስቸግራል፣ ለዓይንም አያምርም፣ ግድግዳው ትንሽ ከተጣመመ ደግሞ ጥመቱን ያጋልጠዋል። በዚያው ግድግዳ ላይ ሰባት ሙሉ አድርገው መሃል ላይ ቢያሳርፏቸው ግራና ቀኝ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እኩል ቁራጭ ይኖርዎታል። ሴራሚኩ ያው ነው፤ ልዩነቱ አሥር ደቂቃ ማሰብ ብቻ ነው።

ሴራሚኩን መሬት ላይ ወይም ካውንተሩ ላይ ደርድረው ይዩት። መሃሉ የት ይሁን የሚለውንም ይወስኑ። ዓይን የሚሄደው ወደ ምድጃው ከሆነ የምድጃውን መሃል ይያዙ፣ መስኮት ካለ የመስኮቱን።

ከፍታውም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ የሚነሳው ከካውንተሩ ነው፤ ካውንተሩ ግን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። ዘንበል ካለ ዝቅ ካለው ቦታ ተነስቶ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ ይሰመርና የመጀመሪያው ረድፍ ከሥር በልኩ ይቆረጥ። ካውንተሩን አምነው ቢጀምሩ ግን ከታች 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ስህተት የላይኛው ካቢኔት ጋ ሲደርስ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ሶኬቱን መርሳት

መጀመሪያ ብሬከሩ ይጥፋ፤ መጥፋቱም በቴስተር ይረጋገጥ። እርጥብ እጅ፣ እርጥብ ማጣበቂያና 220 ቮልት ባለበት ቦታ ይህን መዝለል አይቻልም።

ሴራሚኩና ማጣበቂያው ሲደመሩ ግድግዳውን ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ያወፍሩታል። ሶኬቱ የነበረበት ቦታ ከቀረ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ብቻ ሴራሚኩ ላይ ይንጠለጠላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ይወዛወዛል። ሽቦው ይላላል። የላላ ሽቦ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ሳጥኑ ወደፊት እንዲወጣና በረዘመ ብሎን እንዲታሰር ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩ።

ቀዳዳውን ሲቆርጡ ደግሞ የግራይንደሩ ዲስክ ክብ ስለሆነ መስመሩ ከጥጉ ያልፋል፣ ክዳኑም አይሸፍነውም። ከጀርባ በኩል መቁረጥ ፊት ለፊት የሚታየውን ትርፍ ያሳጥረዋል። ጥርስ የሌለው የአልማዝ ዲስክ ይጠቀሙ፤ ጥርስ ያለው ጠርዙን ያሸርፈዋል። መነጽርና ማስክ ሳይደረግ ደግሞ አይቆረጥም።

ያለ ክፍተት ማጣበቅና በነጭ ሲሚንቶ መሙላት

«አንድ ወጥ እንዲመስል አጣብቁት» የሚል ባለቤት ብዙ ነው። ሴራሚክ ግን ከአንድ ካርቶን የወጣው እንኳ መጠኑ በጥቂቱ ይለያያል። በዚያ ላይ ምድጃው ጋ በሙቀት ይለጠጣል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ መስቀል ፕላስቲኩም ለዚህ ነው የተሠራው።

መሙያው ላይ ብዙ ሰው ነጭ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጦ ይጠቀማል። ርካሽ ነው፣ መርካቶም በየሱቁ አለ። ሲደርቅ ግን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፣ ቀለምም ይጠጣል። ኪችናችን ውስጥ የሚፈናጠረው የበርበሬ ቁሌትና የአልጫ እርድ ነው። እርድ የገባበት ነጭ መጋጠሚያ ዳግም ነጭ አይሆንም። ለዚህ የተዘጋጀ የመጋጠሚያ መሙያ፣ ማለትም ግራውት ይግዙ፣ ቀለሙም ግራጫ ወይም አሸዋማ ይሁን። ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ አሸዋ የሌለበትን ይምረጡ። አቅም ካለ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ብቻ እንኳ በኢፖክሲ ግራውት ማስሞላት ያዋጣል፤ ዘይትና ቀለም አይጠጣም።

ከለጠፉ በኋላ ግራውቱ ከ24 ሰዓት በፊት አይሞላ። ሲጠረግም ስፖንጁ በደንብ የተጨመቀ ይሁን። ብዙ ውሃ ግራውቱን አጥቦ ቀለሙን ያጠፋዋል።

በነገራችን ላይ ሻካራና ጎድጎድ ያለ ሴራሚክ ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ምድጃ ጀርባ ሲሆን ግን ቅባት ይቋጥራል። አንጸባራቂና ለስላሳውን ይምረጡ። ሞዛይክ ከወደዱም መጋጠሚያው ብዙ መሆኑን አስበው ይግዙ።

ካውንተሩና ሴራሚኩ የሚገናኙበትን በግራውት መዝጋት

ካውንተር ይንቀሳቀሳል። እንስራ ሲቀመጥበት፣ ሥጋ ሲከተፍበት ጥቂት ጎንበስ ቀና ይላል። ግራውት ይህን አይችልም፤ ይሰነጠቅና ውሃ ወደ ካቢኔቱ ጀርባ ይወርዳል። ቺፕቡድ ካቢኔት ደግሞ ውሃ ከነካው ያብጣል። ይህ መስመር፣ እንዲሁም ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ሻጋታ በሚከላከል ሲሊኮን ይዘጋ። ከመሞላቱ በፊት ደረቅና ንጹሕ መሆኑን ይዩ።

በካሬ ዋጋ መዋዋል

ለወለል በካሬ መዋዋል ጥሩ ነው። የኪችን ግድግዳ ላይ ግን ሁለት ካሬ ውስጥ አራት ሶኬት፣ የቧንቧ ቀዳዳና የመስኮት ጠርዝ ሊኖር ይችላል። በካሬ የሚከፈለው ሰው ለዚያ ሁሉ ቆረጣ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ ይጣደፋል። በእኔ አስተያየት ሠራተኛው ቦታውን አይቶ በቁርጥ ዋጋ ቢስማማ ለሁለታችሁም ይሻላል። ክፍት የሚቀረው ጠርዝ በአሉሚኒየም ፕሮፋይል ይዘጋ እንደሆነም ያኔውኑ ይነጋገሩ።

ልክ ልኩን መግዛት

ከሚያስፈልገው ቢያንስ 10 በመቶ ጨምረው ይግዙ። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው የቀለምና የመጠን ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ሱቁ ውስጥ ሆነው ያመሳክሩ። ስሙ አንድ የሆነ ሴራሚክ በሌላ ጊዜ ሲመረት ቀለሙ ይለያል፤ ጎን ለጎን ሲለጠፍ ልዩነቱ ያስታውቃል። የተረፈውን ለሠራተኛው አይስጡ። ሦስት አራቱን ከካርቶኑ ጽሑፍ ጋር ሲንኩ ሥር ሳይሆን ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። አንድ ቀን ቧንቧ ሊጠገን ግድግዳው ሲከፈት ይፈልጓቸዋል።