ሰሜን ተራሮች ላይ "ባህል እንጠብቅ" ስንል የምንሰራቸው ስህተቶች

ጎንደር ላይ ቅርስ ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ፋሲል ግንብ ነው የሚጠቁመው፣ ሰሜን ተራሮች ሲባል ደሞ ዋልያና ጭላዳ፣ በቃ። የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። ፓርኩ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1978 (እ.ኤ.አ) በተፈጥሮነቱ ነው፣ ፋሲል ግቢ ደሞ በ1979 በባህል ቅርስነት፣ ከዛ ወዲህ ባህሉ ከተማ ተፈጥሮው ተራራ ላይ እንደሆነ አድርገን ተከፋፍለነው ቀረን። ተራራው ላይ እኮ ሰው ገብስ ሲዘራ፣ ሲድር፣ ሲቀብር ስንት ዘመኑ ነው። ከፓርኩ ወጣ ብሎ ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያም አለች፣ ደጃዝማች ውቤ ያሰሩዋት፣ ሊነግሱባት ነበር ይባላል፣ ግን በ1855 (እ.ኤ.አ) ደጃች ካሳ ውቤን እዛው ደረስጌ ላይ ድል አደረጉና ዘውዱን እሳቸው ጫኑባት፣ አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሰው ለራሱ ብሎ ባሰራው ቤተክርስቲያን ውስጥ ያሸነፈው ሰው ሲነግስ፣ ጋይድ ከዚ በላይ ምን አይነት ታሪክ ይፈልጋል? አብዛኛው ፕሮግራም ግን ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ቼነክ (የፓርኩ ካምፖች)፣ ፎቶ፣ መልስ።

ሁለተኛው፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ፣ ባዶ ጎጆ ሰርቶ "የባህል ቤት" ብሎ ታፔላ መስቀል ነው። የደጋ ጎጆ ውስጥ ገብታችሁ ቀና ብላችሁ እዩ፣ ጣራው ከውስጥ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ጥቀርሻ ነው። ምድጃው በየቀኑ ስለሚነድ ጭሱ ሳሩ ውስጥ እየገባ ያደርቀዋል፣ ተባዩንም ያባርራል፣ ክረምት ላይ ከላይ የበሰበሰ ቢመስልም ከስር ደረቅ ነው። አሁን እዛው ጎጆ ላይ በር ቆልፉበትና ለጎብኚ ብቻ ክፈቱት፣ ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ሳሩ ይሻግታል፣ ማፍሰስ ይጀምራል፣ ከዛ አንዱ ተነስቶ ቆርቆሮ ይመታበታል፣ ከዛ ደሞ "ህብረተሰቡ ለባህሉ ግድ የለውም" ይባላል። ቤቱን የሚጠብቀው ዘበኛው ሳይሆን እሳቱ ነው። በርግጥ ያ ጭስ የእናቶችን አይንና ሳንባ ይጎዳል፣ ስለዚ ማንም ለቱሪስት ሲባል ጭስ ውስጥ ይኑር እያልኩ አይደለም፣ ቆርቆሮ ቤት የፈለገ ገበሬ ቆርቆሮ ቤት ይግባ። ግን የባህል ቤት ብላችሁ ከሰራችሁ በየቀኑ ቡና ይፈላበት፣ ቂጣ ይጋገርበት፣ የመንደሩ ስብሰባ እዛው ይሁን፣ ካልሆነ አትስሩት።

ሲሚንቶ ላይ ብዙ ማለት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፣ ጎንደሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጣልያን በወረራው ጊዜ የግንቡን ህንፃዎች በሲሚንቶና በአርማታ "ጠገነ"፣ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው፣ ምክንያቱም ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ይይዘዋል፣ ድንጋዩ መተንፈሻ ያጣል። በድንጋይና በጭቃ የተሰራ ግድግዳም እንደዛው ነው፣ ስለዚ ሲሰነጠቅ በጭቃ ነው የሚመረገው፣ የጎደለውን ድንጋይ የሚተካው ደሞ ያንን አይነት ግድግዳ ሲሰራ የኖረ የሰፈሩ ሰው ይሁን እንጂ ከከተማ የመጣ ግንበኛ አይሁን።

ሌላው ከባድ ነው፣ የግጭ ነገር። ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፣ በ2016 ግጭ መንደር የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፣ በ2017 ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ (ሁሉም እ.ኤ.አ ነው)። ግጦሹ ከልክ አልፎ ስለነበር መሬቱ ማረፍ ነበረበት፣ ይሄን የሚክድ የለም። ስህተቱ ሰው ሲነሳ እውቀቱ አብሮ እንደሚነሳ መርሳት ላይ ነው። የትኛው ምንጭ በጋ ላይ እንደማይደርቅ፣ ውርጭ የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚመታ፣ ጉም ሲወርድ ከብት በየት በኩል እንደሚነዳ የሚያውቁት እነዛ አዛውንቶች ናቸው። ግጭ ደሞ የሙስሊም መንደር ነበረች፣ እና የሰሜን ባህል ሲባል ደብርና ታቦት ብቻ አድርጎ የሚያወራ ሁሉ እነሱን ድጋሚ እያስነሳቸው ነው። ደባርቅ ያሉት በህይወት እያሉ ስልክ ይዞ ሄዶ መቅዳት ይቻላል፣ ከነሱ ልጆች ደሞ ጋይድ የሚሆን ካለ ቅድሚያ ይሰጠው፣ የአባቱን መንደር ከሱ በላይ ማን ያስጎበኛል?

ንግስን እንደ ሾው ማድረግም አለ። ቄሱን ሳያስፈቅዱ ቅዳሴ መሀል ፍላሽ ማብራት፣ ለግሩፕ ተብሎ ባልሆነ ቀን ከበሮ ማስመታት፣ ድሮን ማስነሳት (ድሮን ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር መሆኑን ብዙ ሰው የረሳው ይመስለኛል፣ ገደሉ ላይ ያሉትንም አሞሮች ያስበረግጋል)። ንግሱ ሲደርስ እንግዳ ይምጣ፣ ጫማውን ያውልቅ፣ ከህዝቡ ጋ ይቁም፣ ጠላ ሲቀዳለት ይጠጣ። ቀኑ ካልገጠመ ካልገጠመ ነው።

ከዚ ተቃራኒ የሆነ ስህተት ደሞ አለ፣ የድሮ የሆነ ሁሉ ይቀጥል ማለት። ድሮ የዋልያ ቀንድ ዋንጫ ይሰራበት ነበር፣ ለቀንዱ ሲባል ስንቱ ተገደለ። እሱ ይቅር፣ የበሬ ቀንድ አለ። እንደዚሁ አሮጌ መስቀል፣ ብራና፣ ከቤተክርስቲያን የወጣ እቃ ለፈረንጅ መሸጥ፣ ማገናኘትም ጭምር፣ በቅርስ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) የሚያስጠይቅ ነገር ነው፣ ኤርፖርት ላይ የሚያዘው እንግዳው ቢሆንም ስሙ የሚጠፋው ጋይዱ ነው። ስፌትና የበግ ጠጉር ቆብ ግን ዛሬ ተሰርቶ ዛሬ የሚሸጥ ነው፣ እሱን እንግፋ፣ በትምህርት ሰአት ከክፍል በወጡ ህፃናት እጅ ሳይሆን ከሰሪዋ ከራሷ።

ምግብ ላይ ሳልናገር አላልፍም። ገብስ አገር ላይ ቆመን ለእንግዳው ከጎንደር የተጫነ ፓስታና ኢንዶሚ እናቀርባለን! በሶ ለተራራ ጉዞ የተሰራ እስኪመስል ድረስ ይመቻል፣ አይከብድም፣ አይበላሽም፣ ውሃና ትንሽ ጨው ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ባለበቅሎዎቹ ራሳቸው ይዘውት ነው የሚወጡት፣ እንግዳው ግን ከጎን ሆኖ ብስኩት ይበላል። ደሞ ነገርዬው የጣእም ብቻ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ፣ ከዛም በጦርነቱ፣ አሁንም በሰላሙ መጥፋት እንግዳ ሲቀር ሎጁ ይዘጋል፣ ባለበቅሎው ስራ ይፈታል፣ ገብሱ ግን ይታጨዳል፣ የገብስ ጠላውም ይጠመቃል፣ ምክንያቱም መጀመሪያም ለባለቤቶቹ ነው። እንግዳው ሲመለስ እዛ ማእድ ላይ ቦታ ይሰጠው። ኩክ ያላችሁ አስጎብኚ ድርጅቶች ለቀጣዩ ግሩፕ በሶውን፣ ቆሎውንና ባቄላውን ደባርቅ ገበያ ላይ ከገበሬው እጅ ግዙ፣ ሜኑው ላይ ደሞ ከየት ቀበሌ እንደመጣ ፃፉበት።