በእንግሊዝ የማጭበርበር ወንጀል ጥያቄ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ተበዳይዋ ስላልተታለለች ወንጀሉ አልተፈጸመም።» ይህን ዐረፍተ ነገር በተማሪ ወረቀት ላይ ማየት ሰልችቶኛል።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። አገር ቤት ሕግ የተማረ ሰው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንን አንቀጽ 692 ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ተበዳዩ ተታልሎ ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት መፈጸም አለበት። እንግሊዝም በ1968ቱ የስርቆት ሕግ ንብረቱ የተገኘው በማታለል መሆኑን ትጠይቅ ነበር። የ2006ቱ የማጭበርበር ሕግ ከጥር 2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን አስቀርቶታል።

ተከሳሹ በተሰረቀ የባንክ ካርድ ቴሌቪዥን ሊገዛ ካርዱን ለገንዘብ ተቀባይዋ ዘረጋ እንበል። ካርዱ ላይ ያለው የጎረቤቷ ስም ነው። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብላ ፖሊስ ጠራች። እርሷ አልተታለለችም፤ ቴሌቪዥኑም ከመደርደሪያው አልወረደም። ተማሪው «ሙከራ» ብሎ ከሥሩ ያሰምርበታል። ሙከራ አይደለም! ያለቀ የደቀቀ ወንጀል ነው። ካርዱን ሲዘረጋ አፉን ባይከፍት እንኳ «በዚህ ካርድ ለመጠቀም ሥልጣን አለኝ» እንዳለ ይቆጠራል፤ ግዙፋዊው ፍሬ ነገር፣ ማለትም በውጭ የሚታየው የድርጊት ክፍል፣ በዚሁ ይሟላል። የቀረው በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ነው፦ ሐቀኝነት ማጣቱ፣ መግለጫው ሐሰት መሆኑን ወይም ሊሆን እንደሚችል ማወቁ፣ በመግለጫውም ለማትረፍ ወይም ሌላውን ለኪሳራ ለማጋለጥ ማሰቡ። ኪሳራውን በተከሳሹ ሐሳብ ውስጥ ፈልጉት እንጂ የሱቁን መዝገብ አታገላብጡ። ማሽን ይታለላል ወይ እያላችሁም ቀለም አትጨርሱ፤ በሐሰተኛ መግለጫ ስለ ማጭበርበር የሚናገረው የ2006ቱ ሕግ አንቀጽ 2 በንዑስ አንቀጽ 5 መልሶታል።

መረጃ በመደበቅ ስለ ማጭበርበር በሚናገረው በአንቀጽ 3 ዝም ያለን ሰው ስትከስሱ የመናገር ግዴታው ሕጋዊ መሆኑን አሳዩ፤ ጨዋነት አይበቃም። ትርፍና ኪሳራ ደግሞ ገንዘብ ወይም ንብረት ብቻ ነው፤ ዝና አይቆጠርም።

አንቀጽ 2ን የለመደ ሰው አገልግሎትን ያለ ሐቀኝነት ስለ ማግኘት በሚናገረው አንቀጽ 11 ላይ ይሰናከላል፤ እዚያ አገልግሎቱ በእርግጥ መገኘት አለበት። ግንብ ዘሎ ስታዲየም ገብቶ ጨዋታውን በነፃ ያየ ሰው ለማንም ምንም ስላልተናገረ አንቀጽ 2 አይነካውም፤ አንቀጽ 11 ግን ይይዘዋል። ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት እንጂ እስከ 10 አይደለም።

ሐቀኝነትን በተመለከተ ዛሬም የ1982ቱን የጎሽ መመዘኛ (ጎሽ የተከሳሹ ስም ነው) የሚጽፍ አለ። ተከሳሹ ድርጊቱ በተራ ሰው ዘንድ ነውር መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ከሥራ ወጥቷል። ፊል አይቪ የተባለው ቁማርተኛ በለንደን አጫዋቿን አጉል እምነት አለብኝ ብሎ ካርዶቹን እንድታዞርለት አደረገ፤ የካርዶቹ ጀርባ ላይ ያለውን ጥቃቅን ልዩነት ለማንበብ ነበር። 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ቢያሸንፍም ቁማር ቤቱ አልከፍልም አለ። ማጭበርበር ነው ብሎ እንዳላመነ ዳኞቹ ተቀብለውለታል፤ ግን በ2017 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተረታ። ይህን አንብበው የተከሳሹ እምነት ዋጋ የለውም ብለው የሚደመድሙም አሉ። ዋጋ አለው። መጀመሪያ ስለ ፍሬ ነገሩ ምን ያውቅና ያምን እንደነበር ይጣራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ድርጊቱ በተራ ጨዋ ሰዎች ሚዛን የሚለካው። የአይቪ ክርክር የፍትሐ ብሔር ስለነበር ስለ ወንጀል የተባለው የጎን አስተያየት ነው፣ ማለትም በራሱ አስገዳጅ አይደለም፤ መመዘኛው በወንጀል ጉዳይ አስገዳጅ መሆኑን ያረጋገጠው ባርተንና ቡዝ የተባሉ ተከሳሾች በ2020 ያቀረቡት ይግባኝ ውሳኔ ነውና አብራችሁ ጥቀሱት።